ሁለት ጣት

ቀድሪያ ሜትሯን ጥላ ከጨርቅ መደብሯ ስትወጣ፣ ከደብረ ወርቅ ለገበያ የመጣችው ደንበኛዋ ወለተ ሰንበት ልጇን አቅፋ ትጮኻለች። የዘጠኝ ወሯ ሕፃን አፏን ከፍታለች፤ ድምፅ ግን የላትም። ከንፈሯ ጠቁሯል።

"ምን ዋጠች?"

"የሽምብራ ቆሎ! ስቆረጥም ከእጄ ቀማችኝ!"

አባትዬው ደመላሽ የላስቲክ ውሃ ከፍቶ ተጠጋ።

"ውሃ እንዳትሰጣት!" ቀድሪያ ሕፃኗን ነጠቀች። አምና ጤና ጣቢያው በሰጠው ሥልጠና ይህን ተምራለች፤ የተማረችው ግን በአሻንጉሊት ነበር። አሻንጉሊት አይሞትም።

ሕፃኗን በክንዷ ላይ በደረቷ አስተኝታ፣ ጭንቅላቷን ዝቅ አድርጋ፣ ጀርባዋን በመዳፏ አምስት ጊዜ መታቻት። ምንም የለም። ገልብጣ ደረቷን በሁለት ጣት አምስት ጊዜ ተጫነች። ደግማ ልትመታት ስትል የሕፃኗ እጅ ዝልፍልፍ ብሎ ተንጠለጠለ።

"ልጄ ሞተች!" ወለተ ሰንበት መሬት ላይ ተዘረረች።

"ባጃጅ ጥሩ!" አለች ቀድሪያ። ሕፃኗን በረንዳው ላይ አጋድማ፣ ሁለት ጣቷን ደረቷ መሐል አሳርፋ በፍጥነት ትጫን ጀመር። ሠላሳ ስትደርስ አፏን ከፍታ አየች፤ ባዶ ነው። አፍና አፍንጫዋን በአፏ ከድና ሁለቴ ተነፈሰችላት። ደረቷ አልተነሣም።

"ስጪኝ፣ ጠበል ላድርሳት!" ደመላሽ እጁን ዘረጋ።

"ወንድሜ፣ እስክትደርስ አትቆይህም። ተወኝ!"

እጁ እንደተዘረጋ ቀረ።

ከሁለተኛው ሠላሳ በኋላ ጉሮሮዋ ላይ ቢጫ ነገር ታየ። ቀድሪያ በትንሿ ጣቷ ጠርጋ አወጣችው፤ ክክ ሽምብራ። ስትተነፍስላት ደረቷ ከፍ አለ። ሦስተኛውን ዙር ሳትጨርስ ሕፃኗ አሳላት፤ ከዚያም ገበያተኛውን ሁሉ ያስደነገጠ ልቅሶ ለቀቀች።

የተሰበሰቡት ሴቶች እልል አሉ። ቀድሪያ ግድግዳውን ተደግፋ ቁጭ አለች።

ደመላሽ ዓይኑን እየጠረገ፣ "እሰይ፣ ድናለች። የደብረ ወርቁ መኪና ሳያመልጠን እንሂድ" አለ።

"ሐኪም ሳያያት? ደረቷን ስጫን ነው የቆየሁት። ፍርፋሪም ወደ ሳንባዋ ወርዶ ይሆናል። መንገድ ላይ ደግሞ ቢያንቃትስ?"

"ጤና ጣቢያ ድረስ እኔ ብቻዬን አልይዛትም፤ ፈራሁ" አለች ወለተ ሰንበት ከመሬት ተነሥታ።

ቀድሪያ ዞር ብላ አየች። የቅዳሜ ገበያ ነው፤ ደንበኞቿ በሩን ሞልተውታል። ባጃጁ መጥቶ ቆመ።

"ስንት ናችሁ?" አለ ሾፌሩ።

"ሦስት" አለ ደመላሽ።

"አራት" አለች ቀድሪያ፤ ሻርፗን አጥብቃ ከወለተ ሰንበት ጎን ገባች።