አብሮ የሚኖር ሰው፦ የለም

ጠበቃ ማለት የቀጠርከው ሰው ነው ብዬ አምን ነበር። ገንዘብህን ተቀብሎ አንተን የሚሰማ፣ ለአንተ የሚከራከር። እንግሊዝ አገር፣ በርንሊ ከተማ ተወልጄ፣ በርንሊ ሃምሳ ሁለት ዓመት ኖሬ፣ ሃያ ስድስቱን ዓመት የከተማ አውቶቡስ ስጠግን የከረምኩ ሰው ነኝ፤ ሌላ የነገረኝ አልነበረም። ተማሪ ሳለሁ መምህራችን ሚስተር ፎልድስ ደብተሬን በሁለት ጣቱ እንደ ሞተ አይጥ አንጠልጥሎ ለክፍሉ አሳየና፣ «ክላይቭ፣ አንተ ዕድሜህን ሙሉ ሌላ ሰው ነው የሚጽፍልህ» አለኝ። አልረሳሁትም። ዛሬም የሚሞላ ቅጽ ፊቴ በመጣ ቁጥር ያ ሰውዬ ከጀርባዬ የቆመ ይመስለኛል።

ቤቱን እኔና አባቴ ሠላሳ አንድ ዓመት ተከራይተን ኖረንበታል። በሩ በቀጥታ መንገድ ላይ ይከፈታል፤ ከኋላ ጠባብ ግቢ አለው፤ አባቴ እዚያ በአሮጌ ባልዲ ባሮ ሽንኩርት ያበቅላል። አከራያችን ሲሞት ሚስቱ መጣችና፣ «ቅድሚያው የእናንተ ነው፤ በሦስት ወር ካልገዛችሁት ግን ለጨረታ አወጣዋለሁ» አለች። አባቴ ዊልፍ ሰማንያ አራት ዓመቱ ነው። ጉልበቱ ደረጃ አልወጣ ስላለው የሚተኛው ምድር ቤት፣ መንገዱን በሚያየው ክፍል ነው። ከዚህ ከወጣ የሚገባው መጦሪያ ቤት ነው። እሱም ያውቀዋል፣ እኔም አውቀዋለሁ።

ባንኩ ብድሩን ፈቀደ። እኛ አገር የቤት ግዢ የሚያልቀው በጠበቃ ነውና፣ ያን ዕለት በቀጥታ ወደ ሚስተር ስታንዲሽ ሄድኩ። ከኬክ ቤቱ በላይ አንዲት ክፍል ቢሮ ያላቸው ሽማግሌ ጠበቃ ናቸው፤ የእናቴን ኑዛዜ የጻፉት እሳቸው ናቸው። የባንኩን ደብዳቤ አንብበው መነጽራቸውን አወለቁ።

«እኔ ልሠራልህ አልችልም፣ ክላይቭ።»

«ሥራ በዛብዎት?»

«ባንኩ የሚቀበለው ራሱ ያጸደቃቸውን ጠበቆች ብቻ ነው። ዝርዝር አለው። እኔን ከአራት ዓመት በፊት ሰርዞኛል።»

«ምን አጥፍተው?»

«ብቻዬን ሠርቼ። አንድ ሰው ብቻ ያለበትን ቢሮ አንፈልግም አሉ። ሚስቴን ለምኛት ነበር፣ ጠበቃ ሁኚልኝ ብዬ። ገና ሚስትነቱንም አልጨረስኩት አለችኝ።» ሳቁ። እኔ አልሳቅሁም። «የግድ አንተ ካልክ ደግሞ ባንኩ ለራሱ ሌላ ጠበቃ ያቆማል፤ የዚያንም ዋጋ የምትከፍለው አንተ ነህ።»

ቤት የምገዛው እኔ፣ ዕዳው የእኔ፣ ጠበቃ የሚመርጥልኝ ባንክ! ሠርጉ የእኔ ሆኖ ሚዜ የሚመርጠው ጎረቤት ነው እንዴ?

ከደብዳቤው ጋር የመጣውን ዝርዝር ጠረጴዛቸው ላይ ዘረጋሁት። ከበርንሊ አንድ ስም ብቻ ነበር፤ ፎልድስ። የመምህሩ ልጅ።

«እሱን ያዝ» አሉኝ። «ሁለት መንገድ ተሻግረህ ነው። ያልገባህን ፊት ለፊት ተቀምጠህ ትጠይቀዋለህ።»

«አባቱን አውቀዋለሁ።»

«አባቱ እኮ ሞቷል።»

«ይሙታ!»

ካርዲፍ ያለ ትልቅ ቢሮ መረጥኩ። ከእኔ የሦስት መቶ ኪሎ ሜትር መንገድ ነው፤ በስልክ እንጂ በዓይን የማይገናኙት ዓይነት። በደወልኩ ቁጥር ሙዚቃ አስጠብቀው ሌላ ሰው ያቀርቡልኛል፤ እንደገና ከስሜ እጀምራለሁ። በመጨረሻ ካሪስ የምትባል ልጅ ጉዳዩን ያዘችና ረጅም ቅጽ ላከችልኝ። አሥራ አራተኛው ጥያቄ እንዲህ ይላል፦ ከአሥራ ሰባት ዓመት በላይ የሆነ፣ በቤቱ አብሮዎት የሚኖር ሰው አለ?

ደሜ ፈላ። ይህ ምን አገባቸው? አባቴን ቆጥረው ምን ሊያደርጉት ነው? ሸክም አለበት ብለው ብድሩን እንዳይከለክሉኝ አልኩ። እስክሪብቶዬን አነሳሁና «የለም» ብዬ ጻፍኩ።

ከዚያ ወዲያ ሁለት ወር ያህል ነገሩ ደህና ሄደ። አንድ ቀን ከሥራ ስመለስ አባቴ ሻዩን ይዞ ፈገግ ብሎ ተቀምጧል።

«ያቺ የካርዲፏ ልጅ ደውላ ነበር» አለኝ።

«ምን አልካት?»

«ጠየቀችኝ፣ መለስኩላት። ማን ልበል አለች። የክላይቭ አባት ነኝ አልኳት። ለጥየቃ መጥተው ነው አለችኝ። ሠላሳ አንድ ዓመት ጥየቃ የተቀመጠ ሰው አይተሽ ታውቂያለሽ፣ የኔ ልጅ አልኳት። ሳቀች እኮ! ጨዋ ልጅ ናት።»

በማግስቱ ጨዋዋ ልጅ ደወለች።

«ሚስተር ሃስላም፣ አባትዎ አብረውዎት እንደሚኖሩ ለባንኩ መንገር አለብን። እንድንነግር ይፍቀዱልን። ካልፈቀዱ ጉዳዩን ለመተው እንገደዳለን።»

«ቆይ፣ አንቺ የማን ጠበቃ ነሽ?»

«የእርስዎም፣ የባንኩም።»

«የከፈልኩሽ እኔ ነኝ!»

«አዎ፣ ሚስተር ሃስላም።»

ያ «አዎ» ነው ያቃጠለኝ። ብትሰድበኝ ይሻል ነበር። የገዛ ጠበቃዬ በገዛ ገንዘቤ የባንክ ዓይንና ጆሮ ሆና ቤቴ ተቀምጣለች! ግን አሥራ ዘጠኝ ቀን ነበር የቀረኝ። ፈቀድኩ።

ባንኩ ብድሩን አገደና ወረቀት ላከ። አባቴ የሚፈርመው ነው። ልጄ ብድሩን መክፈል ቢያቅተው፣ ባንኩም ቤቱን ቢወስድ፣ መብት አለኝ ሳልል አብሬ እወጣለሁ ይላል። የሰማንያ አራት ዓመት ሰው! ይባስ ብሎ ካሪስ እሱን ማማከር አትችልም፤ ለዚህ ከጉዳዩ ነጻ የሆነ ሌላ ጠበቃ ያስፈልጋል።

«እሱንም ከዝርዝራችሁ ነው የምመርጠው?» አልኳት።

«አያስፈልግም። ለዚህ ማንኛውም ጠበቃ ይበቃል።»

ሰማችሁ? ሚስተር ስታንዲሽ ቤት ለማስገዛት አይታመኑም። ሽማግሌ ከቤቱ መውጫውን ሲፈርም አጠገቡ ለመቀመጥ ግን ይበቃሉ። ይህን ስነግራቸው እንኳ አልተቆጡም፤ ኮፍያቸውን አድርገው መጡ። የካርዲፉን ማኅደር እንዳለ፣ አንዲት ወረቀት ሳልለይ አስረከብኳቸው። ግፉን በሙሉ ይዩልኝ ብዬ ነው። አባቴ ፊት ወንበር ስበው ተቀመጡ።

«ክላይቭ፣ አንተ ውጣ። ደንቡ ነው፤ ብቻውን ነው የማናግረው።»

«ከገዛ ቤቴ?»

«ገና መቼ ገዛኸው?» አለ አባቴ።

ግቢ ወጥቼ ቆምኩ። ያካፋል። ከባልዲዎቹ መሀል አርባ ደቂቃ እንደ ተባረረ ተማሪ ቆሜ በሩን አየሁ። አንድ ጊዜ ሲሳሳቁ ሰማሁ። ከዚያ ድምፃቸው ዝቅ አለ፤ ከዚያ ጨርሶ ጠፋ። ባይፈርምስ? ቤቱ ለጨረታ፣ እሱ ለመጦሪያ፣ እኔስ ለየትኛው ጉድጓድ?

ሲጠሩኝ ገባሁ። ፈርሟል። ዊልፍሬድ ሃስላም፤ ፊደሎቹ ቀጥ ያሉ።

«ምን አሉት?» አልኩ ሚስተር ስታንዲሽን።

«ደንበኛዬ እሱ ነው» አሉኝ።

«ዋጋዎት ስንት ነው?»

«ደንበኛዬ ከፍሏል።» ከግቢው ሁለት ባሮ ሽንኩርት ነቅለው፣ በጋዜጣ ጠቅልለው ሄዱ።

በሩ ሲዘጋ አባቴ ወደ መስኮቱ እያየ ተናገረ።

«ስለ ባንኩ ብዙም አልጠየቅኩትም። የኪራይ ቤት ልጅ ነኝ፤ ውጣ መባል ለእኔ አዲስ አይደለም። አንድ ነገር ነው የጠየቅኩት። አብሮ የሚኖር ሰው የለም ብለህ ስትጽፍ ያስገደደህ ሰው ነበር ወይ አልኩት።»

ማኅደሩ ጠረጴዛው ላይ፣ አሥራ አራተኛው ጥያቄ ላይ ተከፍቶ ነበር።

«የለም አለኝ» አለ። «በራሱ እጅ የጻፈው ነው አለኝ።»

«አባዬ፣ እኔ እኮ ነገሩ እንዳይጓተት ብዬ... ደግሞ ጥያቄው...»

«ፊርማዬን ያየህልኝ እንደሆነ ከሥሩ ስሜ በማተሚያ ተጽፏል። ባንኩ ነው የጻፈው። ባንኩ እንኳ ‹አለ› አለኝ።»

ጨረታው ሊወጣ አራት ቀን ሲቀረው ቤቱን ገዛነው። ቁልፉ ያው የድሮው ነው። ፎልድስ ዘንድ ቢሄድ ኖሮ እያሉ የሚያወሩ አሉ፤ ያውሩ። ጥያቄውን የጻፍኩት እኔ አይደለሁም፤ ዝርዝሩን ያወጣሁት እኔ አይደለሁም። ይህን ለሚሰማኝ ሁሉ እናገራለሁ።

ለአባቴ ግን አልተናገርኩም። ስልኩ ከወንበሩ ሁለት ክንድ አይርቅም። እኔ ማድ ቤት ሆኜ ይጮኻል፣ ይጮኻል።

«አባዬ፣ ስልኩን አንሳ እንጂ!»

«ማን አለና ነው የሚያነሳው?» ይለኛል።