የዓይን ብሩሽ

አለቃ ኪዳን ቀለም በጥብጠው ሲጨርሱ በመጀመሪያ የሚቀቡት የገዛ ጥፍራቸውን ነበር፤ በጥፍራቸው ላይ ደርቆ የተሰነጠቀ ቀለም ወደ ቤተ መቅደስ ግድግዳ አይወጣም። ልጃቸው መምሬ ብዙአየሁ ደግሞ ሥርዓቱን ይበልጥ አጠበቁት። ጻድቅ ፊት ለፊት ይሳላል፤ ሁለት ዓይን ይኖረዋል። ይሁዳ፣ አጋንንትና ከሃዲ ሁሉ ግን በጎን ዞረው ይሳላሉ፤ የሚታየውም አንድ ዓይናቸው ብቻ ነው። ዓይን የሚሳለው በመጨረሻ፣ በአንድ ሰው እጅ ብቻ ነው። ንድፉን ሌላ ቢያወጣው፣ ልብሱን ሌላ ቢቀባው እንኳ፣ ስለ ሥዕሉ ሁሉ ተጠያቂው ዓይኑን የሳለው ሰው ነው። መሪጌታ አካሉ ይህን ሥርዓት ከአባታቸው ከመምሬ ብዙአየሁ ተቀብለው እስከ እርጅናቸው ድረስ አንዲት ፊደል ሳይቀንሱ ጠብቀውታል።

ከሥርዓቱ ጋር አብራ የምትተላለፍ አንዲት ብሩሽ ነበረች። እጀታዋ ከወይራ የተጠረበ፣ ፀጉሯ ከፍየል ጢም የተመረጠ፣ ቀጭን ናት። ፀጉሯ ባለቀ ቁጥር ይታደሳል፤ እጀታዋ ግን የአለቃ ኪዳን አውራ ጣት ያጎደጎዳት ያችው ናት። የዓይን ብሩሽ ይሏታል።

የኋላሸት ይህችን ብሩሽ ሲመኝ ኖሯል። የመሪጌታ የወንድም ልጅ ነው፤ አባቱ ሲሞት ከአጅባር ወደ መካነ ሰላም አምጥተው ያሳደጉት እሳቸው ናቸው። በእሳቸው ቤት ከሰል ይዞ መንደፍን ለመደ፤ ጎረመሰ፤ ጺሙም ላይ ሽበት ጣል ጣል አለበት። በአካባቢው የእሱ መስመር ያላረፈበት የቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ጥቂት ነው። ይሁን እንጂ ንድፉን አውጥቶ፣ ልብሱን ቀብቶ፣ የሥዕሉን ጀርባ በቀለም አልብሶ ሲጨርስ መሪጌታ "በል እንግዲህ ገለል በል" ይሉታል፤ እሱም ከመሰላሉ ይወርዳል። ተራዬ ይደርሳል እያለ ዕድሜውን ሙሉ ሲወርድ ኖረ።

የመሪጌታ እጅ መንቀጥቀጥ በጀመረበት ዓመት ታላቅ ሥራ መጣ። ለከተማው አዲስ አዳራሽ የመካነ ሰላምን የድሮ ሰፈሮችና ስመ ጥር ቤቶች በሸራ ላይ እንዲስሉ ተጠየቁ፤ ላይ ሰፈርን ከነዋርካው፣ የቤተ ክርስቲያኑን ደጀ ሰላም፣ የመስጊዱን በር፣ የገበያውን ሜዳ ገና ቆርቆሮ ሳይገባበት። መሪጌታ ግድግዳ እንጂ ከተማ ስለው ስለማያውቁ ለጥቂት ጊዜ አመነቱ። በኋላ ግን "ሰው ካለበት ሥርዓቱ ያው ነው" ብለው ተቀበሉ።

ቀለሙ በደሴ አውቶቡስ ጣሪያ ላይ ተጭኖ በመጣ ዕለት የኋላሸት ካርቶኑን ራሱ ተሸክሞ ወደ ሥዕል ቤቱ አስገባ። ያን ዕለት ልቡ ሙሉ ነበር። የሚንቀጠቀጥ እጅ ዓይን አይስልም፤ ታዲያ ብሩሿ ወደ ማን ትሄዳለች?

ብሩሿ ወደ እፀገነት ሄደች።

እፀገነት የከተማው ልጅ ናት። አዲስ አበባ ሥነ ጥበብ ተምራ ስትመለስ የመንግሥት ሥራ ትይዛለች ሲባል የመሪጌታን ደጅ አንኳኳች። "የኔታ፣ እንደገና ከሀሁ ልጀምር ብዬ ነው የመጣሁት" አለቻቸው። መሪጌታ ሳቁ። ያን ሳቅ የኋላሸት አልረሳውም፤ ለእሱ እንዲያ ስቀውለት አያውቁም።

አሁን ደግሞ በብሩሿ እጀታ ጫፍ ሸራውን እያመለከቱ፣ "የኋላ፣ ንድፉ ያንተ ነው፤ ካንተ የተሻለ መስመር የሚያሰምር የለም። ዓይኑን እፀገነት ትስላለች" አሉ። ምክንያቱን አልተናገሩም። መሪጌታ ምክንያት የመስጠት ልማድ አልነበራቸውም።

እፀገነት ብሩሿን በሁለት እጇ ተቀብላ ጣቷን በጎድጓዳው ላይ አሳረፈች። ልክክ አለላት። የኋላሸት በጉርምስናው ዘመን መሪጌታ ቅዳሴ ሲሄዱ ብሩሿን ሰርቆ ሞክሯት ነበር፤ አውራ ጣቱ ወፍሮ ከጎድጓዳው አልገባም ነበር። ያን ማንም አላየም። እሱ ግን አሁን ያየው ያንኑ ነው።

"እንኳን ደስ አለሽ" አላት፤ ከአፉ እንጂ ከሆዱ አልወጣም።

"ጋሽ የኋላ፣ ተቀየምከኝ እንዴ?"

"ምን ያስቀይመኛል? ብሩሽ እንጂ ታቦት አልተሸከምሽ!"

"ኧረ ከታቦት አልተናነሰችብኝም፤ እጄ እንዴት እንደሚርድ ባየህልኝ።"

"የመሪጌታም እጅ ይርዳል" አለና ወጣ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሁሉ ነገሯ ይቆጠቁጠው ገባ። ስትሠራ በለሆሳስ ማዜሟ፣ የኔታ ምሳቸውን ትተው ከኋላዋ ቆመው ማየታቸው፣ ደጃፍ ላይ የሚያልፈው ሰው "ሠዓሊዋ አለች?" ብሎ መጠየቁ። ሠዓሊዋ! እሱን በዚያ ሁሉ ዓመት "የመሪጌታ ልጅ" ከማለት በቀር ሌላ ስም የሰጠው አልነበረም። በፊቱ የተዘረጋውን ሸራ ሲያይ ገበያው አይታየውም፤ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ላይ ነገ የምታርፈው የእሷ እጅ ብቻ ናት የምትታየው።

የገበያ ሰፈርን ሸራ ሲነድፍ ከእማማ ወለተ ጊዮርጊስ ፎቅ ደረሰ። በከተማው የመጀመሪያው ፎቅ ነበር፤ ከእንጨትና ከጭቃ የተሠራ፣ በረንዳው ወደ ደሴ መንገድ ያዘመመ። ነጋዴው፣ ቄሱ፣ ሼሁ፣ መንገድ የመሸበት ሁሉ ያደረበት ቤት ነው። መሪጌታ ባለቤቲቱ በሩ ላይ ቆማ እንድትሳል አዝዘው ነበር። እማማ ወለተ ጊዮርጊስ የእፀገነት አያት ናቸው።

በእኒህ ሴት ላይ አንድ የቆየ ሐሜት ነበረባቸው። በደርግ ዘመን ሀምዱ የተባለ ወጣት ሸሽቶ ፎቃቸው ላይ ተደብቆ ሳለ ወታደሮች መጥተው ወሰዱት፤ በሕይወት አልተመለሰም። ጠቁማ ያስያዘችው ባለቤቲቱ ናት ተባለ። ማስረጃ አልቀረበም፤ ወሬውም አልሞተም። ከገዛ ቤተሰባቸው በቀር ከተማው ሁሉ ያውቀዋል፤ እንዲህ ያለ ነገር ለባለቤቱ አይነገርምና።

የኋላሸት ከሰሉን ይዞ ብዙ ቆመ። ከዚያ የሴትዮዋን ፊት ወደ ጎን አዞረው።

የሚሆነውን ሁሉ አስቀድሞ አይቶታል። እፀገነት አንዷን ዓይን በእጇ ትስላለች። በምረቃው ቀን እናቷ ወይዘሮ የሻለም ነጠላዋን አጣፍታ ከፊት ትቀመጣለች። መጋረጃው ሲገለጥ ሕዝቡ በቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ ይሁዳን ሲያይ እንደኖረ፣ እማማ ወለተ ጊዮርጊስን ያያል። በረድፉ መካከል ሹክሹክታ ይሄዳል፤ ልጅቷ ራሷ በአያቷ ላይ መሰከረች ይባላል። ብሩሿም ወደ እሱ ቤተሰብ እጅ ትመለሳለች። እሱ ያደረገው አንዲት መስመር ወደ ጎን መሳብ ብቻ ነው፤ ተጠያቂው ደግሞ በአያቱ በመምሬ ብዙአየሁ ሥርዓት ዓይኑን የሳለው ነው።

እፀገነት ሸራው ፊት ቆማ በሩ ላይ ወዳለችው ሴት ተጠጋች። የኋላሸት ጀርባውን ሰጥቷት ጎድጓዳ ሳህን የሚያጥብ መሰለ።

"ጋሽ የኋላ!" አለች። "እንዴት አወቅህ?"

ሳህኑ ከእጁ ሊያመልጥ ነበር። "ምኑን?"

"አያቴ በሩ ላይ ስትቆም እንዲህ ነበረች። ሁልጊዜ ወደ መንገዱ ዞራ። መንገደኛ ሲመጣ ከሩቅ አይታ ውኃ ታስጥድ ነበር። ሕፃን ሆኜ ቀሚሷን ይዤ እቆም ስለነበር የማስታውሰው ይህንኑ ጉንጯን ነው።" ዓይኗ እንባ አቀረረ። "እኔ ብነድፋት ኖሮ ደረቅ አድርጌ ፊት ለፊት አቆማት ነበር። እግዜር ይስጥልኝ።"

"ኧረ ምንም አይደል" አለ የኋላሸት።

ያን ጊዜ መናገር ይችል ነበር። ከሰል በጨርቅ ይጠረጋል፤ ዓይን ከተሳለ በኋላ ግን አይጠረግም። ምላሱ ላይ ደርሶ ነበር። ነገር ግን እሷ ብሩሿን አነሳች፤ አውራ ጣቷ በጎድጓዳው ውስጥ ልክክ ብሎ ሲገባ እንደገና አየው። ወደ ሳህኑ ተመለሰ። እፀገነት የአያቷን አንድ ዓይን ስትስል እንደ ልማዷ በለሆሳስ ታዜም ነበር።

በምረቃው ዋዜማ መሪጌታ ሥዕሎቹን ለማየት በምርኩዛቸው መጡ። ጎረቤታቸው ሐጂ አሕመድኑርም አብረዋቸው ነበሩ። ሐጂ ከመሪጌታ ጋር በልጅነታቸው ከብት ያገዱ፣ በሽምግልናቸው አብረው የሚቀመጡ፣ የገበያ ሰፈር ነባር ልብስ ሰፊ ናቸው፤ በሥዕሉም ላይ ከነስፌት መኪናቸው አሉበት።

"አፊያ ናችሁ ልጆች? የታለሁ እኔ?" አሉ ገና ሳይገቡ። እፀገነት አሳየቻቸው። አንገታቸውን አስግገው መረመሩ። "ወላሂ መልኬን አግኝተሻታል! ሁለቱንም ዓይኖቼን ሰጥተሽኛል?"

"ሁለቱንም፣ ሐጂ።"

"ግራው ሞራ ለብሶ የማያይ ከሆነ ቆይቷል።"

"በሥዕሉ ላይ ያያል።"

"አላህ ይስጥሽ! ሐኪም ያቃተውን አንቺ ቻልሽው። ይኸውልዎ መሪጌታ፣ አንቱ ግን በዚህ ሁሉ ዕድሜ አንድ ቀን እንኳ ዓይኔን አላበሩልኝም።"

"አንቱን ቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ ከየት አምጥቼ ልሳልዎ?" አሉ መሪጌታ፤ ሁለቱም ሳቁ።

ሳቁ ሳያበቃ ሐጂ ከፎቁ በር ላይ የቆመችውን ሴት አዩ። ፈገግታቸው ጠፋ። ወደ ሸራው ተጠጉ፤ ከዚያ ወደ ኋላ ተመለሱ።

"መሪጌታ" አሉ በዝግታ፣ "ይህች ሴት ምን በድላ ነው በአንድ ዓይን የተሳለችው?"

መሪጌታ ተጠግተው አዩ።

"ሀምዱ ወንድሜ ነው" አሉ ሐጂ። "ወሬውን አውቀዋለሁ። በሰማሁበት ቦታ ሁሉ ውሸት ነው ብያለሁ፤ ሰሚ ግን አላገኘሁም። ወለተ ጊዮርጊስ ወንድሜን አላስያዘችም። ጥለውት የሄዱትን ሬሳውን በነጠላዋ ጠቅልላ ለእናቴ ያመጣች እሷ ናት። አሁን እንግዲህ በአደባባይ ትሰቀልልን?"

እፀገነት ሐሜቱን ያን ጊዜ ገና መስማቷ ነበር። ፊቷ አመድ መሰለ።

"ይህን ዓይን ማን ሳለው?" አሉ መሪጌታ።

"እኔ ነኝ፣ የኔታ።"

"ሥርዓቱን አታውቂውም?"

"አውቀዋለሁ። ለቤተ ክርስቲያን ብቻ መስሎኝ ነበር። አያቴ እንዲህ ስለምትቆም..."

"ንድፉስ የማን ነው?" አሉ ሐጂ።

እፀገነት ወደ የኋላሸት አልተመለከተችም። "ዓይኑን የሳልሁት እኔ ነኝ፣ ሐጂ። ተጠያቂዋም እኔ ነኝ።"

መሪጌታ እጃቸውን ዘረጉ። እፀገነት የብሩሿን ፀጉር በነጠላዋ ጫፍ ጠርጋ፣ እጀታዋን ወደ እሳቸው አዙራ በሁለት እጇ መለሰችላቸው። መሪጌታም ሳይዘገዩ የኋላሸት ወደቆመበት የግድግዳ ጥግ ዞሩ።

"የኋላ" አሉ፣ "ና፤ ተቀበል።"

ዕድሜውን ሙሉ የጠበቃት ብሩሽ ከፊቱ ተዘረጋች። እፀገነት አንገቷን ደፍታለች። ሐጂ እሱን ትኩር ብለው እያዩት ነው። የኋላሸት አንድ እርምጃ ተራመደ፤ እጁንም አነሳ፤ እጁ ግን መንገድ ላይ ቀረ። ሽማግሌዎቹ ከገቡበት ሰዓት ጀምሮ ለሦስቱም ጎኑን ሰጥቶ፣ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ቆሞ እንደነበር ያን ጊዜ ተሰማው።

ዞረ። ፊት ለፊት ቆመ።

"አልቀበልም፣ የኔታ። ያዞርኋት እኔ ነኝ። ሐሜቱን አውቄ፣ ይህችም ልጅ እንዳልሰማችው አውቄ ነው ያዞርኋት። ብሩሿ ለእሷ በመሰጠቷ ቀንቼ ነው። እፀገነት አላጠፋችም፤ ያጠፋሁት እኔ ነኝ። ተሳስቻለሁ።"