አቶ የተባለው ገባር

አብተው የአዳማ ባቡር ጣቢያ ጸሐፊ ነበር። ሥራው ሲያበቃ ደግሞ «እርፍ» የምትባል መጽሔት ያዘጋጃል። በካርቦን ተባዝታ እስከ ሞጆና አዋሽ በባቡር ሠራተኞች እጅ የምትዞር፣ የገባሩን በደልና የአራሹን ዘፈን የምታወጣ መጽሔት ነበረች። ከመኳንንቱ አንዱ ወረቀቱን እኔ ልግዛልህ ቢሉት «ውሻ በበላበት ይጮኻል፤ ይቅርብኝ!» አለ። እንዲህ ያለ ደረቅ ሰው ነው።

በ፲፱፻፳፪ ዓ.ም. ሚያዝያ ላይ የገርባን ቃል አወጣ። ገርባ ከከተማው ወጣ ብሎ የሚያርስ ሽማግሌ ነው፤ ለመሬቱ ጌታ ለመልከኛው ስንት ቀን በነጻ እንደሚያርስ፣ ስንት ቁና እንደሚያስፈጭ አንድ ሳያስቀር ተናገረ። አብተው ታዲያ ሲጽፈው ምን አለ? «አቶ ገርባ»! ወይ ጉድ፣ ያን ጊዜ ገባርን ማን አቶ ይላል? ሲነበብለት ሽማግሌው «እስቲ ድገመው» አለ። ሦስት ጊዜ አስደገመና እየሳቀ እንባው መጣ።

መልከኛው ግን በደሉን ሁሉ ትቶ ያቺን አንዲት ቃል ያዘ። «ገባሬ አቶ ከተባለ እኔ ምን ልባል ነው? በሳምንት ውስጥ መሬቴን ይልቀቅ!» አለ።

አብተው ይህን ሲሰማ፣ ምነው እጄን በቆረጠው፣ የሰው ጎጆ አፈረስኩ እያለ አለቀሰ። ከዚያ ማንንም ሳያማክር፣ ገርባን እንኳ ሳይጠይቅ፣ በአዲሷ «እርፍ» ፊት ገጽ ላይ «ገርባ ገባር እንጂ አቶ አይደለም፤ ስሕተቱ የጸሐፊው ነውና ጌታችን ይማሩን» ብሎ ጻፈ። ለማንም ያልሰገደችው መጽሔት ሰገደች። ይሁን፣ ሽማግሌው ሜዳ ላይ አይውደቅ እንጂ አለ።

መልከኛው ገርባን አስጠርቶ፣ ጎረቤቱን ሰብስቦ፣ ጽሑፉ ጮክ ተብሎ እንዲነበብ አደረገ። ሰዉ ሳቀ። «እውነቱን ማወቃችሁ መልካም ነው፤ መሬቱን ግን ለሌላ ሰጥቻለሁ» አለና ወደ ቤቱ ገባ።

አብተው መንገድ ላይ ገርባ እግር ሥር ወደቀ። «አባባ፣ ይማሩኝ! መሬትዎን ላድን ብዬ ነው።»

«ተነሥ፣ ያ ኢልማ ኮ፣ ተነሥ ልጄ» አለው ገርባ፤ ክንዱን ይዞም አነሣው። «መሬቱን እሱ ነው የወሰደው፤ እሱስ ልማዱ ነው። እኔ ብነቀልም አቶ ሆኜ ልነቀል ብዬ፣ ለደራርቱም ለሚስቴ ይህንኑ ነግሬ፣ ዕቃዬን አስሬ ነበር። አቶነቴን የወሰድከው ግን አንተ ነህ።»