የወርቅ ዳክዬዎቹ ጠመንጃ

አቶ ወልደአምላክ ሲልቨር ስፕሪንግ ከመጡ ሁለት ዓመት ከአራት ወር ሆኗቸዋል። በዚህ ሁሉ ጊዜ የተጠየቁት ጥያቄ ቢቆጠር ከሦስት አያልፍም፦ «በሉ?»፣ «በረደዎት?»፣ እሑድ እሑድ ደግሞ ቸርች በር ላይ «አሜሪካን ለመዱት?»። ደሴ ፖሊስ መሣሪያ ጥገና ክፍል ሠላሳ አንድ ዓመት የሠሩ፣ ሻለቃና ኮሎኔል ቆሞ የሚጠብቃቸው ሰው፣ እዚህ ሶፋ ላይ ተቀምጠው የቴሌቪዥን ሪሞት ጠባቂ ሆነዋል። ክብር ጎድሎባቸው አይደለም። ልጃቸው ንግስት እንደ እንቁላል ነው የምትንከባከባቸው። ችግሩ እሳቸው እንቁላል አይደሉም።

ስለዚህ አንድ ሰኞ ከሰዓት አማቻቸው ወንድሜነህ ረጅም ጥቁር ሻንጣ ይዞ ገብቶ «አባባ፣ እስቲ ይሄን ይዩልኝ፣ ስንት የሚያወጣ ይመስልዎታል?» ሲላቸው፣ ልባቸው ዘለለ ቢባል ማጋነን አይሆንም። የሚያውቁትን ነገር የጠየቃቸው የመጀመሪያው ሰው እሱ ነበር።

ወንድሜነህ የአፓርትመንት ሜንተናንስ ሠራተኛ ነው። ወደ ፍሎሪዳ የሚዛወሩ አንድ ሽማግሌ ተከራይ ዕቃቸውን ሲጭንላቸው ቢውል «ውሰደው፣ ሸጠህ ተጠቀምበት» ብለው የሰጡት ነው። ሻንጣው ሲከፈት የአደን ጠመንጃ ወጣ፤ እዚህ አገር ሾትገን የሚሉት። ከአርባ ዓመት በፊት የአንድ የዳክዬ አዳኞች ማኅበር ኢዮቤልዩ መታሰቢያ ሆኖ የተሠራ ነው። በጎኑ ሦስት የወርቅ ዳክዬዎች ይበራሉ፤ ከሥራቸው፣ ከተሠሩት ስድስት መቶ ጠመንጃዎች ሦስት መቶ አሥራ ሁለተኛው መሆኑ ተጽፏል።

አቶ ወልደአምላክ ከሁሉ በፊት ከፈቱና ትንሿን ጣታቸውን ሰደው ጥይት አለመኖሩን አረጋገጡ። እንደገና አረጋገጡ። ከዚያ መነጽራቸውን አስጠጉ። አፈሙዙ ላይ እንደ ጤፍ ፍሬ የተበተነ ዝገት አለ። ሰደፉ ተጭሯል። ከጎኑ አንዲት ብሎን ወልቃ ጠፍታለች።

«ኢንተርኔት ላይ እንደዚሁ ዓይነቱ በአንድ ሺህ አንድ መቶ ዶላር ተሸጧል» አለ ወንድሜነህ። «እዚህ አሌክሳንድሪያ አንድ የመሣሪያ ዋጋ የሚገምት ሰውዬ አለ፤ ፎቶ ኢሜይል አድርጌለት ለቅዳሜ አፖይንትመንት ይዣለሁ።»

«በዚህ ሁኔታው?» አሉ አቶ ወልደአምላክ። «እስከ ቅዳሜ እኔ ጋ ይቀመጥ።»

ንግስት ወጥ ቤት ጠመንጃ አላይም አለች፤ ሳሎንም አላይም አለች። ስለዚህ ጥገና ክፍሉ መታጠቢያ ቤት ውስጥ ተቋቋመ። ማክሰኞ ጠዋት፣ ልጆቹ ትምህርት ቤት ሲሄዱ፣ አቶ ወልደአምላክ አሜሪካ ከመጡ ለመጀመሪያ ጊዜ ብቻቸውን አውቶቡስ ተሳፍረው ላንግሊ ፓርክ ወረዱ። ከአንድ የዕቃ መሸጫ በምልክት ተነጋግረው ሞረድ፣ ብርጭቆ ወረቀት፣ ቫርኒሽና የብረት ማጥቆሪያ ገዙ። ባለሱቁ በስፓኒሽ ሲያወራ እሳቸው በአማርኛ መለሱለት፤ ሁለቱም ተግባቡ።

ሦስት ቀን ሙሉ እያፏጩ ሠሩ። ዝገቱን በብርጭቆ ወረቀት ቀስ እያሉ ፈቀው አነሱት፤ ብረቱን አጠቆሩት፤ ሰደፉን ልጠው ሁለት ጊዜ ቫርኒሽ ቀቡት። የጠፋችውን ብሎን በሞረድ ከሌላ ብሎን ቀርጸው አወጧት። ወርቁን ብቻ አልነኩትም፤ ዳክዬዎቹን በጥጥ አበስ አደረጉና ተዉአቸው። ሲጨርሱ መስታወቱ ፊት ቆመው ጠመንጃውን ደረታቸው ላይ ይዘው አዩት። ሁለቱም አምሮባቸዋል።

ቅዳሜ ጠዋት ወንድሜነህ ሻንጣውን ከፍቶ አፉን ያዘ።

«ኦ ማይ ጋድ! አባባ፣ አዲስ አደረጉት እኮ!»

«ከአንድ ሺህ አምስት መቶ በታች እንዳትሰጥ» አሉ አቶ ወልደአምላክ፣ ከረባታቸውን እያጠበቁ።

ቤልትዌይ የሚሉትን የቀለበት መንገድ ይዘው፣ ድልድዩን ተሻግረው አሌክሳንድሪያ ገቡ። ገማቹ ሚስተር ኬን የሚባሉ፣ ነጭ ጢማቸው እስከ ደረታቸው የወረደ ሰው ናቸው። ሱቃቸው ከላይ እስከ ታች አሮጌ መሣሪያ ነው። ጠመንጃውን ተቀበሉ፤ እሳቸውም ከፍተው ጣታቸውን ሰደው ባዶ መሆኑን አዩ። አቶ ወልደአምላክ በዚህች ብቻ ወደዷቸው። ቀጥሎ ግን ሰውየው መብራት አስጠግተው፣ አንገታቸውን እየነቀነቁ ረጅም ነገር ተናገሩ። የወንድሜነህ ፊት ቀስ በቀስ ደበዘዘ።

«ምን አለ?»

«አባባ... ኦሪጅናል ፊኒሹ ጠፍቷል ነው የሚለው።»

«ዝገቱ ነው የጠፋው በለው!»

ወንድሜነህ ተረጎመ፤ መልሱን ሰማ፤ ጉሮሮውን ጠረገ።

«ዝገቱም ኦሪጅናል ነበር ይላል።»

አቶ ወልደአምላክ ሰውየውን ከእግር እስከ ራስ አዩት። ጤነኛ ይመስላል። ነገሩ ቀስ ብሎ ተብራራላቸው። ይህን ዓይነቱን ጠመንጃ የሚገዛ ሰው ሊተኩስበት አይደለም የሚገዛው፤ ከፋብሪካ እንደወጣ ሊያስቀምጠው ነው። ባይተኮስበት፣ ባይነካ፣ ካርቶኑ እንኳ ባይጠፋ ዋጋው ይጨምራል። ትንሽ ዝገት ብዙ አይጎዳውም። የታደሰ ግን፣ የቱንም ያህል ጎበዝ ባለሙያ ቢያድሰው፣ ዋጋው ወደቀ ማለት ነው። አሁን ሦስት መቶ ሃምሳ ዶላር ቢያወጣ ነው።

«የማይተኮስበት ከሆነ ለምን ጠመንጃ ይሉታል?» አሉ አቶ ወልደአምላክ፣ ለማንም ሳይሆን። እሳቸው የሚያውቁት መሣሪያ ጠዋት ተበላሽቶ መጥቶ ማታ ሰው ሕይወቱን አደራ ብሎት ይዞት የሚወጣ ነው። እዚያ አለመጠገን ነበር ጥፋቱ። እዚህ ግን ሰባት መቶ ሃምሳ ዶላር በብርጭቆ ወረቀት ፍቀው መጸዳጃ ውስጥ ደፉት፤ ያውም እያፏጩ።

«ምንም አይደል አባባ፣ ኖ ፕሮብሌም» አለ ወንድሜነህ። «በነፃ የመጣ ነገር ነው።»

ምናለ ቢሰድባቸው! ይህ ደግነት ነው ያቃጠላቸው። በሁለት ዓመት ውስጥ አንድ ጊዜ ቢጠየቁ፣ ያችኑ አንዷን አበላሹ። ከእንግዲህ ማን ምን ብሎ ይጠይቃቸዋል? ተመልሰው ሪሞታቸውን መጠበቅ ነው። ኮፍያቸውን አንስተው ወደ በሩ ዞሩ።

«ወንድ!» የሚል ድምፅ ከኋላቸው ሰሙ። ፈረንጆቹ ወንድሜነህን የሚጠሩት እንዲህ ነው። ሚስተር ኬን የተላከላቸውን ፎቶ በኮምፒውተር ከፍተው፣ አንዴ ፎቶውን አንዴ ጠመንጃውን እያዩ ነበር።

«አባባ፣ ፎቶው ላይ አንድ ብሎን የለችም፤ አሁን ሁሉም አሉ። ከየት ገዛችኋት ይላል። ፋብሪካው መሥራት ካቆመ ቆይቷል፤ እኔ ራሴ ፈልጌ አጥቻለሁ ነው የሚለው።»

«አልገዛኋትም። ሠራኋት።»

«ከምን?»

አቶ ወልደአምላክ ትንሽ አመነቱ። «ከመታጠቢያ ቤቱ በር» አሉ።

«ለካ ለዚህ ነው በሩ የተንጋደደው!» ብሎ ወንድሜነህ ሳቀና ተረጎመ። ሚስተር ኬን ግን አልሳቁም። መነጽር ላይ መነጽር ደርበው ብሎኖቹን አንድ በአንድ መረመሩና በጣታቸው አንዷን ነኩ። ይህቺ ናት?

አቶ ወልደአምላክ ራሳቸውን ነቀነቁ። አይደለችም።

ሌላ ነኩ። እሷም አይደለችም።

ሦስተኛ ጊዜ መሳሳት ያሳፈራቸው ይመስላል፤ እጃቸውን ዘርግተው አሳዩኝ አሉ። አቶ ወልደአምላክ ከዳክዬዎቹ ግርጌ ያለችውን በትንሿ ጣታቸው ጠቆሙ። ሚስተር ኬን ብሎኗን ረጅም ጊዜ አዩአት፤ ከዚያ ጢማቸው እስኪርገፈገፍ ሳቁ። ወደ ጓዳ ገብተው አንድ አሮጌ ባለ ሁለት አፈሙዝ ጠመንጃ ይዘው ተመለሱ። ቃታው ሲሳብ አይዝም፤ ውስጡ ያለችው ትንሽ ጥርስ ተሰብራለች። ባለቤቱ አሥራ አንድ ወር ጠብቋል። የሱቁ ጠጋኝ ጡረታ ከወጣ ወዲህ እንደዚህ ያሉ አሥራ ዘጠኝ መሣሪያዎች ጓዳ ተደርድረዋል።

«ይችሉ እንደሆነ ይጠይቃል» አለ ወንድሜነህ።

አቶ ወልደአምላክ ኮፍያቸውን አስቀመጡ። ኮታቸውን አወለቁ፤ ከረባታቸውን ሸሚዛቸው ውስጥ ከተቱ።

«ሞርሳ አለው ወይ በለው። ደግሞ ቀጭን ሞረድ። ወሬም አልወድም።»

ጓዳው ውስጥ ብረት ነክሶ የሚይዘው ሞርሳም ነበረ፤ ሞረድም በየዓይነቱ። አንድ ሰዓት ተኩል ፈጀባቸው። ሚስተር ኬን ሱቁን ትተው እንደ ተማሪ አጠገባቸው ቆሙ፤ ደንበኛ ሲገባ በእጃቸው ቆይ እያሉ አስጠበቁ። ሁለቱ ሽማግሌዎች የጋራ ቋንቋ አልነበራቸውም፤ አንዱ ሞረድ ሲፈልግ ሌላው ቀድሞ ያቀብለዋል። በመጨረሻ አቶ ወልደአምላክ ጥርሷን ቦታዋ አስገቡ፤ ቃታውን ሳቡ። ያዘ። ለቀቁት፤ ቀጭ አለ። ሦስት ጊዜ ደገሙት፤ ሦስቴም ቀጭ አለ።

ሚስተር ኬን ወንድሜነህን ወደ ጎን ወስደው ረጅም ሰዓት አናገሩት። ወንድሜነህ አንዴ «ሪሊ?» አለ። ከዚያም «ግሪን ካርድ አላቸው፣ የስ፣ የስ» ሲል ተሰማ።

መኪና ውስጥ ሳይገቡ ስልኩ ጠራ። ንግስት ናት፤ ድምፅዋ ከስፒከሩ ወጥቶ ፓርኪንጉን ሞላው።

«ምነው ጠፋችሁ? ተሸጠ? ስንት አለ?»

«ጠመንጃው ሦስት መቶ ሃምሳ ብቻ» አለ ወንድሜነህ።

«ሦስት መቶ ሃምሳ? አባባ ያን ሁሉ ለፍተው? እንዴት ይሆናሉ አሁን? እባክህ እንዳይከፋቸው፤ ብዙ ተሸጠ በላቸው!»

«አይ፣ እሳቸው ቢዚ ናቸው። ከማክሰኞ ጀምሮ በሳምንት ሦስት ቀን ሥራ ይገባሉ።»

ንግስት ጮኸች።

«ማን? አባባ? የት ነው የሚገቡት? ምን ሊሠሩ?»

አቶ ወልደአምላክ ስልኩን ከአማቻቸው እጅ ወሰዱ። ጣቶቻቸው ጥቁር በጥቁር ሆነዋል።

«የማውቀውን ነዋ ልጄ!» አሉ። «የማውቀውን!»