ቃል የማትገባው ሐኪም

በያጁ ጥላውንም የማያምን ሰው ነበር። ጋራዡ ውስጥ አብረውት የሚሠሩት "ማስረጃ" ይሉታል፤ "ደህና አደርክ?" ሲባል እንኳ "ምን ፈልገህ ነው?" ይላል እያሉ ይስቁበታል።

አንድ ቀን የብየዳ ፍንጣሪ በሸሚዙ ክፍተት ገብታ ደረቱን ጠበሰችው። ቁስሉ ደረቀ፤ ጠባሳው ግን አርፎ አልተኛም። ቀስ በቀስ አብጦና ጠንክሮ፣ ከቁስሉ ድንበር አልፎ እንደ ጣት ተጋደመ። ሲሞቀው ይበላዋል፣ ልብስ ሲነካው ይቆጠቁጠዋል። ሚስቱ ሲያክ ባየችው ቁጥር፣ "አንተ ሰው፣ ወይ ታከም ወይ እጅህን ሰብስብ" ትለዋለች። እሱ ደግሞ "ደረቴ ዛሬ ምን አሳሰባት?" እያለ ለብቻው ያብሰለስላል። ማሳከኩ እንቅልፍ ሲነሳው ግን ወደ ክሊኒክ ሄደ።

የቆዳ ሐኪሟ ወጣት ናት። ጠባሳውን በጣቷ ጫን ጫን አድርጋ ካየች በኋላ፣ በቤተሰቡ እንዲህ ዓይነት ጠባሳ የሚወጣበት ሰው እንዳለ ጠየቀችው።

"ዘሬ ምን ያደርግልዎታል?" አላት።

"በዘር የሚሄድበት ጊዜ ስላለ ነው። ኪሎይድ ይባላል። በየወሩ ጠባሳው ውስጥ መርፌ እንወጋለን፤ ቤትዎ ደግሞ የሲሊኮን ልጣፍ ይለጥፉበታል።"

"ለምን ቆርጠው አይጥሉትም?"

"ብቻውን ከተቆረጠ ብዙ ጊዜ ብሶበት ይመለሳል።"

"በመርፌውስ ይጠፋል?"

"ዝቅ ይላል ብዬ አስባለሁ። ይጠፋል ብዬ ግን ቃል አልገባልዎትም።"

ነገሩ አልጣመውም። አድናለሁ የማይል ሐኪም ምን ዓይነት ሐኪም ነው? ወይ እጇን ልታፍታታብኝ ነው፣ ወይ ስታመላልሰኝ ልትኖር ነው ብሎ ሳይወጋ ወጣ።

ይህን የሰማ የሚስቱ ታናሽ ወንድም፣ "ጋሼ፣ ምን ያንከራትትሃል? እኔ የማውቀው ሰው በአንድ ቀጠሮ ይገላግልሃል" ብሎ ወደ አንድ ሕንፃ ምድር ቤት ይዞት ወረደ። ክፍሉ አዲስ ቀለም ቀለም ይሸታል። ነጭ ጋዋን የለበሰው ሰውዬ ደረቱን ከሩቅ አየት አደረገና፣ "ይሄማ ቀላል ነው። ቆርጬ እጥልልሃለሁ፤ ሁለተኛ ዝር አይልም" አለ።

በያጁ የሚስቱን ወንድም በዓይኑ ጥግ አየው። ይሄ ልጅ ለእኔ እንዲህ ተጨንቆ አያውቅም ሲል አሰበ። ሰውዬውም ቢሆን ስለ ቤተሰቡ ቀርቶ ስለ ቁስሉ እንኳ አልጠየቀውም።

"ከዚህ በፊት የቆረጥክለት ሰው አለ?"

ሰውዬው ስልኩን አውጥቶ ሁለት ፎቶ አሳየው። በአንደኛው ከሴት ጆሮ ላይ የወይን ፍሬ የሚያህል ጠባሳ ተንጠልጥሏል፤ በሌላኛው ጆሮው ጥርት ብሏል። በያጁ ስልኩን ተቀብሎ ምስሉን በጣቶቹ አሰፋው።

"ይቺኛዋ አንገቷ ላይ ማርያም የሳመቻት ምልክት አላት፤ ያቺኛዋ የላትም። እሱንም አብረህ ቆረጥከው?"

"መብራቱ ነው" አለ ሰውዬው፣ ስልኩን ወደ ኪሱ እየከተተ።

በያጁ ሸሚዙን ቆልፎ ወጣ። የሚስቱ ወንድም ደረጃው ላይ ደረሰበትና፣ "እኔ እኮ ለአንተው ብዬ ነው" አለ ድምፁን ቀጠን አድርጎ።

በማግስቱ ሐኪሟ ዘንድ ተመለሰ። "የመጣሁት አምኜዎት አይደለም" አላት።

"ግድ የለም፤ እየመጡ ያዩታል።"

የመድኃኒቱን ብልቃጥ ካልሰጡኝ ብሎ ተቀበለና ስሙን ፊደል በፊደል አነበበ። መርፌው ሲገባ ዓይኑ እንባ አቀረረ። እንደሚያም አስቀድማ ነግራው ስለነበር ግን አልተቀየማትም።

በመጀመሪያው ወር ምንም ለውጥ አላየም፤ ጥርጣሬው አገረሸበት። ከሁለተኛው መርፌ በኋላ ማሳከኩ ቀነሰ፣ ጠባሳውም ይለሰልስ ጀመር። ዙሪያው ነጣ ሲልበት ደግሞ ጉድ ሠራችኝ ብሎ እየሮጠ ሄደ። "ይህም ሊመጣ እንደሚችል ነግሬዎት ነበር" አለችው። እውነትም ነግራዋለች። አፍሮ ተቀመጠና ደረቱን ገልጦ ሰጣት።

ጠባሳው ጨርሶ አልጠፋም፤ ከቆዳው ትንሽ ከፍ ብሎ ቀረ። ግን በብየዳው ሙቀት ቀኑን ሙሉ ሳያክ ይውላል። አንድ ጠዋት ሚስቱ ልጣፉን እየለጠፈችለት፣ "እንግዲህ ሐኪሟን አመንካት?" አለችው።

"እሷን እንኳ እየለመድኳት ነው" አለ። "ወንድምሽን ግን ገና ነኝ።"