ፀሐይ ምን በደለችሽ?

ሙኒያ ጣና ሐይቅን አይታው አታውቅም። ድምጿ ግን ከነሐሴ መግቢያ ጀምሮ እዚያ ነው የሚውለው። በሐይቁ ዙሪያ ያሉ ባለ ጀልባዎችና ገበሬዎች አጭሯን ቁጥር ሲደውሉ የምታነጋግራቸው እሷ ናት፦ «ጤና ይስጥልኝ። ለጣና ሐይቅና አካባቢው፣ የመጪዎቹ ቀናት የአየር ሁኔታ ትንበያ…»

ትንበያው የሚጻፈው ባሕር ዳር ነው። የሚቀዳው ግን ድሬዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር፣ በአንድ አሮጌ ቪላ ጓዳ ውስጥ። ክፍሉ የሚባል ሰው ግድግዳውን በፍራሽ ስፖንጅ ሸፍኖ፣ አንድ ማይክና አንድ ኮምፒውተር አስገብቶ ስቱዲዮ ብሎታል። ቀረጻ ሲጀመር በርና መስኮት ይዘጋል፤ የጣሪያው ማራገቢያም ይጠፋል፣ ጩኸቱ ማይኩ ውስጥ ስለሚገባ። ሙኒያ በአንድ እጇ ወረቀቱን፣ በሌላው መሐረብ ይዛ ታነባለች።

ከዚያ በፊት ድምጿን ያከራየችው ለገበያ ሱቆች ነበር። «ግቡና እዩ፣ ማየት በነጻ ነው!» የሚለውን ጥሪ ከተማው ሁሉ በቃሉ ይዞታል፤ ቆሞ የሚያዳምጠው ግን የለም። የሐይቁን ሥራ ስታገኝ ለመጀመሪያ ጊዜ ሰው ደውሎ የሚጠብቀው ነገር መናገር ጀመረች። ክፍሉም እስከ መስከረም ከዘለቀች በቋሚነት ሊቀጥራት ቃል ገብቶላታል።

አንድ ጠዋት ከባሕር ዳር ስልክ ተደወለ። የባለ ጀልባዎቹን ማኅበር የሚያስተባብሩት ወይዘሮ ወለተ ጊዮርጊስ ነበሩ። ክፍሉ ሁለቱም እንዲሰሙ ድምፁን ከፍ አደረገው።

«ልጄ፣ ድምፅሽ ማር ነው፤ እሱን አልክድም። ግን አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ፀሐይ ምን በደለችሽ?»

«እንዴት?» አለች ሙኒያ።

«‹ሰማዩ ጠርቶ ቀኑ ፀሐያማ ይሆናል› ስትዪ ሰው የሞተብሽ ትመስያለሽ። ‹ከባድ ዝናብ፣ ነጎድጓድና ብርቱ ነፋስ› ስትዪ ደግሞ እልል ለማለት ምንም አልቀረሽም። አንዱ ባለ ጀልባችን ቃሉን ትቶ ድምፅሽን ሰማና ‹ደስ የሚል ቀን ነው› ብሎ ወጣ። ደሴት ላይ እንደ ድመት ርሶ አደረ። ደህና ነው፤ አሁን መሳቂያችን አድርገነዋል። ግን ሐይቁ የሚከፋው ገና የነሐሴ መጨረሻ ላይ ነው።»

«ይቅርታ አድርጊልኝ፣ ወለተ ጊዮርጊስ።»

ድሬ ውስጥ አንቱታ ብዙ አልተለመደም። ክፍሉ በክርኑ ጎሰም አደረጋት።

«ማለቴ… ያድርጉልኝ።»

«አንቺ በይኝ፣ ግድ የለም። ዛሬ የተላከልሽን ብቻ አስተካክለሽ አንብቢ። ካልሆነ ማኅበሩ ሌላ አንባቢ ይፈለግ ብሏል።»

ስልኩ ሲዘጋ ክፍሉ የቀደመውን ቅጂ ከፈተው። ‹ከባድ ዝናብ› የሚለው ላይ ሲደርስ ፊቱ በራ።

«አቦ፣ ምን ችግር አለው? ደስ ይላል እኮ!»

«እኔንም ደስ አለኝ» አለች ሙኒያ። «ችግሩ እሱ አይደል?»

ሁለቱም የድሬ ልጆች ናቸው። ድሬ ውስጥ ሰማዩ ሲጠቁር ሰው ወንበሩን ይዞ ደጅ ይወጣል። ፀሐይ ወሬ አይደለችም፤ «ዛሬስ ደመና ነው» ብሎ የሚገባ ሰው ግን የምሥራች ነጋሪ ነው። ስህተቱን የሚሰማ ጆሮ ከተማው ውስጥ ቢፈልጉ አያገኙም።

ማራገቢያውን አጥፍተው ሞከሩ።

«የተጣላሽውን ሰው አስቢ» አላት ክፍሉ።

አስባ አነበበች። ክፍሉ አገጩን ይዞ አዳመጠ።

«አሁን ደግሞ ዝናቡ ራሱ የሞተ ነው የሚመስለው።»

ቆጣ ብላ አነበበች፤ ከሐይቁ ጋር የተጣላች መሰለች። ቀስ ብላ አነበበች፤ ክፍሉ አዛጋ። ከቀትር በኋላ ሻሿ ግንባሯ ላይ ተጣብቆ፣ ወረቀቱ በላቧ ረጥቦ፣ መስኮቱን በረገደችው። ሌላዋ አንባቢ ማን ትሆን እያለች ነበር።

ከዚራ ላይ ፀሐይዋ እንዳለች ናት። በደቡብ በኩል ግን የደንገጎ ተራራ የለም፤ ጥቁር ደመና ውጦታል። መጀመሪያ እንደ ልማዷ ደስ አላት። ቀጥሎ እናቷ ትዝ አለቻት።

እናቷ ፋዱማ በባልዲ በለስ ትሸጣለች። በዚህ ሙቀት ደግሞ የምትቀመጠው ደቻቱ ወንዝ ውስጥ፣ በደረቁ አሸዋ ላይ፣ ከድልድዩ ጥላ ሥር ነው። ተራራው ላይ የዘነበ ዝናብ ከተማው ውስጥ ጠብታ ሳይጥል ጎርፍ ሆኖ በዚያ አሸዋ ላይ ይመጣል።

ሙኒያ ደወለች።

«ኡሚ፣ ስሚኝ። ደንገጎ ጠቁሯል። አሁን ተነሺ።»

«አቦ ሙኒ፣ እዚህ ፀሐይ ነው እኮ! ገና ገበያው ሞቀልኝ።»

«ፀሐይዋን አትዪ፣ ተራራውን እዪ። በለሱን ተዪው። በደረጃው ውጪ። አጠገብሽ ያሉትንም ጥሪያቸው። ስልኩን እንዳትዘጊው።»

አልጮኸችም፤ አላለቀሰችም። በስልኩ ውስጥ የእናቷ ድምፅ በኦሮምኛም በአማርኛም «ሎላ! ሎላ! ጎርፍ ነው፣ ውጡ!» እያለ ራቀ። ቀጥሎ የጫማ ኮቴ፣ የባልዲ እጀታ ሲንቋቋ፣ የእናቷ ትንፋሽ።

«ወጣን። ኤጭ፣ ጉልበቴ!»

«ባልዲውን ይዘሽ ነው የወጣሽው?»

«ታዲያ ለማን ልተውለት?»

ብዙም አልቆየ፤ ከስልኩ ውስጥ የጭነት መኪና የሚመስል ጉርምርምታ መጣ።

«መጣ! ወላሂ ዛፍ ተሸክሞ መጣ! ሁላችንም ላይ ነን፣ አትፍሪ። ውይ፣ የዓናብ ወንበር ሄደ! እዩት፣ እንደ ጀልባ!» የዓናብና የሌሎቹ ሻጮች ሳቅ ከጎርፉ ድምፅ ጋር ተደባለቀ።

ሙኒያ ስልኩን አስቀምጣ በረጅሙ ተነፈሰች። ከዚያ መስኮቱን ዘጋችው።

«ማራገቢያውን አጥፋልኝ» አለች።

አነበበች። «በነሐሴ መጨረሻ በሐይቁ አካባቢ ከመደበኛ በላይ ዝናብ ይጠበቃል። ከቀትር በኋላ ብርቱ ነፋስና ማዕበል ስለሚነሣ ጀልባዎች ቀደም ብለው ይመለሱ። በፎገራ ሜዳ ያላችሁ፣ ወንዞች ሊሞሉ ይችላሉና ከብቶቻችሁን ከፍ ወዳለ ቦታ አውጡ።» ሐዘንም ደስታም አልነበረበትም። እያንዳንዱን ቃል ሰው ረግጦት እንደሚወጣ ደረጃ አስቀመጠችው።

ክፍሉ ከወንበሩ ግማሽ ተነሥቶ ነበር። «የት ልሂድ?» አለ፤ ራሱም ሳቀ።

የቀረው የመስከረሙ ትንበያ ነበር። «ከመስከረም መግቢያ ጀምሮ ደመናው ይገፈፋል፤ አብዛኛው ቀን ፀሐያማ…» ለቅሶው ተመልሶ መጣ። ደግማ ብትሞክር ባሰ። ያን ጊዜ ደመናው ከዚራ ላይ ደረሰና ቆርቆሮው መንጎድ ጀመረ። ቀረጻ የማይታሰብ ሆነ። ሁለቱም ወንበራቸውን ይዘው ግቢ ወጡ፤ ጎረቤቱም ሁሉ ወጥቷል። ሙኒያ እጆቿን ዘርግታ እስኪበቃት በዝናቡ ተደበደበች።

ዝናቡ ሲያባራ ገብታ ማይኩ ፊት ተቀመጠች። ልብሷ ከላይዋ ላይ ይንጠባጠባል። ክፍሉ ማራገቢያውን ሊያጠፋ ቢነሣ ማንም አላበራውም ነበር። ሙኒያ ጥርሷ ተንገጫገጨ፤ በሕይወቷ እንዲህ በርዷት አያውቅም።

«…አብዛኛው ቀን ፀሐያማ ይሆናል» ብላ አነበበች። እንደ ልመናም፣ እንደ ምስጋናም ነበር።

እናቷ ባልዲዋን ይዛ ስትመጣ ክፍሉ ቅጂውን አሰማት። ‹ከፍ ወዳለ ቦታ› የሚለው ላይ ፋዱማ ባልዲዋን አንሥታ ቆመች።

«ደግሞ ጀመረሽ? አሁን ወዴት ነው የምንወጣው?»

በማግሥቱ ወይዘሮ ወለተ ጊዮርጊስ ደወሉ። «ጀልባዎቹ ሁሉ ታስረዋል። ያ የራሰው ሰውዬማ ጀልባውን ሁለት ቦታ ነው ያሰረው። መስከረምን አንቺው አንብቢልን። ከፀሐይዋ ጋርስ እንዴት ታረቃችሁ?»

«ብርድ ብርድ ብሎኝ ነበር።»

«ድሬ ላይ?» ሳቃቸው ጓዳውን ሞላው።

የድሬ ሙቀት ግን በዚያው ቀን ተመልሷል። ስለዚህ እስከ ዛሬ ከማይኩ ሥር አንድ ባልዲ የበረዶ ውሃ አለ። ሙኒያ የዝናቡን አንብባ ስትጨርስ ክፍሉ ቀረጻውን ያቆማል፤ እሷ ሻሿን ነክራ ትጠመጥማለች፤ ትከሻዋ እስኪንቀጠቀጥ ይጠብቃሉ። ከዚያ ፀሐይዋን ታነባለች።