የጥሩ ቅጠል

«ጥሩዬ! ምነው እኔን ቀድመሽ!» እያለች ካሰች ደረቷን ስትደቃ ድንኳኑ ሙሉ ሰው አብሯት አለቀሰ። የሟች ልጅ የትናየት ብቻ እንባዋ ደረቀ። እናቷ ከተቀበረች ጀምሮ ይህችን ሴት ባየች ቁጥር ጥርሷን ነክሳ ነው የሰነበተችው።

«አያ ክንዱ፣ ያቺን ሴት አስወጣልኝ» አለችው፣ ከኮሶዬ ለመጣው ለእናቷ ታላቅ ወንድም።

«ከለቅሶ ቤት ሰው አይባረርም፣ ልጄ። ደግሞ ሰልስት ነው።»

«እንግዲያው አበላታለሁ» አለችና ተነሣች።

ጥሩ ባሏ ሞቶባት ከገጠር ከኮሶዬ ወደ ከተማው አራዳ ስትገባ ያገኘችው ግቢ የሌለው፣ በሩ መንገድ ላይ የሚከፈት ቤት ነበር። ቅጠል ሳይኖራት ወጥ መሥራት ደግሞ አትችልበትም። የዘይት ጀሪካን አፉን እየቆረጠች፣ ቂጡን በሚስማር እየበሳች፣ በሶብላውንም ኮሰረቱንም ጤና አዳሙንም መኝታ ቤቷ መስኮት ሥር ተከለች። በሶብላው ብርድ ሲነካው ይጠቁራልና ሲመሽ ወደ አልጋዋ ታስጠጋዋለች። አበባ ሊያወጣ ሲል ጫፉን በጥፍሯ ትቀነጥሰዋለች። በዚያ ቅጠል የምትሠራውን ሽሮ ፍለጋ የባጃጅ ሾፌሩም የቢሮ ሠራተኛውም ምሳ ሰዓት ደጇ ላይ ይሰለፍ ጀመር።

ካሰችም ሁለት በር አልፎ ምሳ ትሸጥ ነበር። ወንበሮቿ ባዶ መዋል ሲጀምሩ ወሬው ከእሷ ዘንድ ተነሣ።

«ጤና አዳም ከደጅ ነው የሚተከል። አልጋዋ ሥር ቅጠል የምታበቅል ሴት ምን ፈልጋ ነው? ሰው በመተት ልታስርበት ነው እንጂ!»

ደንበኛው አንድ በአንድ ቀረ። ጥሩ ለማርያም ማኅበር ጋግራ የወሰደችውን ዳቦ እንኳ ማንም ሳይቆርሰው ተሸክማው ተመለሰች። የትናየት ካሰችን ልትሰድብ ስትነሣ እጇን ያዘቻት። «ተይ ልጄ፣ አፍ ነው፤ ያልፋል።»

አላለፈም። ጥሩ ምግብ ቤቷን ዘጋች፤ ከሰው ተለየች፤ ደም ግፊቷ ተነሣ። አንድ ጠዋት ሳትነቃ ቀረች።

አሁን የትናየት ከድንኳኑ ወጥታ መኝታ ቤቱ ገባች፤ አልጋውን ላለማየት ጀርባዋን ሰጥታ ቅጠሉን ቆረጠች። በእጇ አሽታ የእድር ሴቶች በሠሩት ሽሮ ላይ በተነችው፤ ለካሰችም ራሷ አቀረበችላት።

ካሰች ጎረሰች፤ ደገመች። «ምን ዓይነት ሸጋ ሽሮ ነው! ማን ነው የሠራው? እጁ ይባረክ!»

«ሽሮው የእድር ነው» አለች የትናየት፣ ድንኳኑ ሁሉ እንዲሰማ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ። «ቅጠሉ ግን የእናቴ ነው። አሁን ከአልጋዋ ሥር የቆረጥሁት።»

የካሰች እጅ ከአፏ ሳይደርስ ቆመ። ጉርሻውን ብትመልሰው ሟችን በሰልስቷ መስደብ ነው፤ ብትጎርሰው ያወራችውን ሁሉ በገዛ አፏ ማፍረስ ነው። ሴቶቹ ማኘክ ትተው ዓይን ዓይኗን አዩ።

«ምነው እትዬ ካሰች? የሚያስር ነገር አለበት እንዴ?»

«ኧረ በስመ አብ! ማን እንደዚያ አለ?»

«እርስዎ።»

አያ ክንዱ ቀስ ብሎ ተነሣ፤ ከካሰች ትሪ አንድ ጉርሻ ጠቅልሎ ጎረሰ። «የእህቴ እጅ ነው» አለና ጉንጩን በጋቢው ጠርዝ ጠረገ። አንዲት ሴት ተከተለች፣ ከዚያም ሌላዋ። ካሰችም በእጇ የያዘችውን በግድ ጎረሰች። የትናየት ወጥ ጨመረችላት፤ ትሪው እስኪጠረግም ከአጠገቧ ንቅንቅ አላለችም። ካሰች እየዋጠች አለቀሰች፤ የአሁኑ ለቅሶ ግን ድምፅ አልነበረውም።

የትናየት ሰዉን እየገፋች ወደ ቤት ሮጠች። የመኝታ ቤቱን በር በርግዳ ገባች።

«እማ! በላችው! በሰው ሁሉ ፊት፣ ጥርግ አድርጋ...»

ፍራሹ ተጠቅልሎ ግድግዳውን ተደግፏል።

አፏን በእጇ ይዛ ቆመች። ከዚያም ወደ ኋላዋ አንድ እርምጃ ተመልሳ፣ ውስጥ የተኛ ሰው እንዳለ ሁሉ፣ በሩን ድምፅ ሳታሰማ መለሰችው።